የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ታሪክና የባለንብረት ዓላማ

አንድ ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥን ቻለ የሚባለው ባለመውደቁ ብቻ ነውን? ወይስ በማግስቱም የታነጸበትን ሥራ ሲፈጽም ነው? በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ እንዴት እንደ ተለወጠ ለመረዳት የአንድ ሆስፒታልን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

በሎስ አንጀለስ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሲልማር የሚገኘው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል አዲሱ ሕንፃ ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በየካቲት 1971 እ.ኤ.አ. የሳን ፈርናንዶ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰበት። የላይኞቹ ፎቆች በግድግዳ የጠነከሩ፣ የታችኞቹ ግን በዓምድ የተያዙ ስለ ነበሩ፣ ጉዳቱ በይበልጥ በታችኛው ክፍል ላይ አረፈ። ከአራቱ የደረጃ ማማዎች ሦስቱ ተገንጥለው ወደቁ። ሦስት ሰዎችም ሞቱ፤ ከነዚህም ሁለቱ ሕይወታቸው በመሣሪያ የተያዘ በሽተኞች ሲሆኑ፣ የገደላቸው የመሣሪያው መቆም እንጂ የፍርስራሽ ናዳ አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ በ1972 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ መንግሥት ስለ ሆስፒታሎች ልዩ ሕግ አወጣ። የተለመደው የሕንፃ ደንብ ዋና ዓላማ የሰውን ነፍስ ማዳን ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን ሆስፒታል ከአደጋ በኋላም በተቻለ መጠን ሕዝብን እንዲያገለግል አዘዘ።

የፈረሰው ሕንፃ በብረትና በኮንክሪት ግድግዳዎች እንደገና ታንጾ በ1987 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በጥር 1994 እ.ኤ.አ. መጠኑ 6.7 የሆነው የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ሲደርስ አካሉ ጸንቶ ቆመ። ነገር ግን የውሃ ቧንቧዎች ተሰብረው ክፍሎቹን ስላጥለቀለቁ በሽተኞቹን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ግድ ሆነ። የሕጉ ዓላማ ዓምድና ግድግዳ ዘንድ ደርሶ፣ ቧንቧው ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር።

በዚያው መንቀጥቀጥ ብዙ ባለንብረቶች ደንቡን የጠበቀ ሕንፃቸው ከነጭራሹ እንደማይጎዳ ያምኑ እንደ ነበር ታወቀ። በ1995 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ መሐንዲሶች ማኅበር የሕንፃን ሁኔታ በአራት ደረጃ ከፍሎ አቀረበ፤ ይኸውም ሥራው ሳይቋረጥ የሚቀጥል፣ በጥቂት ጉዳት የሚሠራ፣ ቢጎዳም ነፍስ የሚያድን፣ ለመውደቅ የተቃረበ የሚል ነው። ባለንብረቱ ከመሐንዲሱ ጋር ተማክሮ ለቀላሉም ለከባዱም መንቀጥቀጥ የሚሻውን ደረጃ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ዋጋውንም ያውቃል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ዓላማው ካልተነገረው መሐንዲሱ ከደንቡ ወሰን አልፎ ለመሥራት መነሻ እንደሌለው ነው። የተነገረውም ዓላማ እስከ ቧንቧውና እስከ መብራቱ ካልዘለቀ፣ የቆመ ሕንፃ ለታመመ ሰው መጠጊያ ሊሆን አይችልም።