የሂሮሺማው ኮምፓይል፤ አነሣሡና አወዳደቁ

በጃፓን አገር ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ የሄደበት አገር የሚታወቅበትን ጣፋጭ በሣጥን አስጠቅልሎ ለቤተ ሰቡ፣ ለጎረቤቱና ለሥራ ባልደረቦቹ ማምጣት ከአባቶች የወረደ የአክብሮት ሥርዐት ነው። በምዕራብ ጃፓን ያለችው ሂሮሺማ የምትታወቅበት ጣፋጭ በዛፍ ቅጠል አምሳል የሚጋገር፣ ሆዱ በስኳር ተቀቅሎ በላመ ቀይ ባቄላ የተሞላ ትንሽ ኬክ ሲሆን፣ ስሙም ሞሚጂ ማንጁ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ከዚህ ከተከበረ ቅጠል ሌላ፣ መንገደኛው በሣጥን ገዝቶት የሚሄድ እንግዳ ማንጁ በከተማዪቱ ተገኘ፤ እርሱም ድቡልቡል፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያሉት፣ ለማየት የሚያስቅ ፍጥረት የሚመስል ነበር፤ ስሙንም ፑዮማን አሉት። ይህን ጣፋጭ ያወጣው ከጥንት የታወቀ ዳቦ ጋጋሪ ሳይሆን ኮምፓይል የሚባል የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ ቤት ነበር። እኔም የዚህን ቤት ታሪክ ለመጻፍ ስነሣ ከጣፋጩ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቤቱ በከተማው ዘንድ ምን ያህል እንደ ተወደደ የሚመሰክረው ይኸው ሣጥን፣ እጁ ከለመደው ሙያ ወጥቶ ወደማያውቀው ንግድ መራመድ እንደ ጀመረም የሚመሰክር ነውና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቀጥሎም የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ ሲሆኑ፣ በ1982 ዓ.ም.፣ ሂሮሺማ በአቶሚክ ቦምብ ከነደደች በ37ኛው ዓመት፣ ማሳሚትሱ ኒታኒ የተባሉ ሰው በዚያች ከአመድ በተነሣች ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ። በዘመኑ የቪዲዮ ጨዋታ ሥራ ሀብቱም ዝናውም በቶኪዮ፣ በኦሳካና በኪዮቶ ተከማችቶ ስለ ነበር፣ ከእነዚህ ርቆ ሥራ መክፈት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ድርጅቱ በመጀመሪያ ፕሮግራመርስ ሦስት ይባል ነበር፤ ኋላ ኮምፓይል የሚለውን ስም ያዘ። የዚህ ቃል ፍቺ በኮምፒውተር ሊቃውንት ዘንድ፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈውን ትእዛዝ መኪናው ወደሚያስተውለው ቋንቋ መመለስ ማለት ነው፤ እንደ ተርጓሚ ያለ ግብር ነው። በእውነትም የቤቱ የመጀመሪያ እንጀራ ከትርጉም የማይርቅ ነበር፤ ሌሎች የፈጠሩትን ጨዋታ በትእዛዝ እየተቀበለ፣ ሴጋ የሚባለው ኩባንያ ይሠራው በነበረው የቤት መጫወቻና በ1983 ዓ.ም. በወጣው ኤም ኤስ ኤክስ በተባለው ርካሽ የቤት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርጎ ይጽፈው ነበር።

የእነዚያ መኪናዎች የማስታወሻ ቦታ ዛሬ አንድ ፎቶግራፍ ከሚይዘው እጅግ ያነሰ ስለ ነበር፣ ጸሐፊው እያንዳንዱን ትእዛዝ እንደ ብራና ቁጥብ አድርጎ፣ የማያስፈልገውን እየፋቀ፣ ሁለት ጊዜ ሊያገለግል የሚችለውን ሁለት ጊዜ እያሠራ መጻፍ ነበረበት። ኮምፓይል ጥበቡን የተማረው በዚህ የድኽነት ትምህርት ቤት ነው፤ ፍሬውም በ1986 ዓ.ም. ዛናክ በተባለው ጨዋታ ታየ። ዛናክ ላይ ላዩን ሲያዩት ተጫዋቹ አንዲት የጠፈር መርከብ እየነዳ ጠላት የሚተኩስበት፣ በዚያን ጊዜ በያለበት የነበረ ዐይነት ነው፤ ነገር ግን ከውስጡ ተጫዋቹን የሚመለከት ዓይን ነበረው። ጥይት የሚያበዛው ሰው ጠላት ይበዛበታል፤ ኀይሉን የሚያጠነክር ይጠነክርበታል፤ ሲወድቅ ደግሞ መከራው ለጊዜው ይበርድለታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ይህን አንድ ጨዋታ ሲጫወቱ ሁለት የተለያየ ጦርነት ይገጥማቸዋል ማለት ነው። ሌሎች በሥዕል ብዛት በሚፎካከሩበት ጊዜ በትንሽ ቦታ እንዲህ ያለ አስተዋይነት ማሳደር እውነተኛ የእጅ ጥበብ ነው እላለሁ። በ1988 ዓ.ም. አሌስቴ ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ጠፈርንና የዋሻ ፍለጋን ያጣመረው ጋርዲያን ሌጀንድ ወጣ፤ የኮምፓይልም ስም በተኳሽ ጨዋታ ወዳጆች ዘንድ ታፈረ።

በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ቤቱ ዲስክ ስቴሽን የሚባል፣ በወረቀት ሳይሆን በዲስክ የሚታተም መጽሔት ማውጣት ጀመረ። አንባቢው ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ሲከት ትንንሽ ጨዋታ፣ ሥዕልና ወሬ ያገኝበታል፤ ጸሐፊዎቹም ትልቅ ገንዘብ ሳይጠፋ ያሰቡትን ሁሉ ይሞክሩበታል። ከዚህ ሙከራ አንዱ ማዶ ሞኖጋታሪ ሆኖ አደገ፤ ትርጓሜውም የአስማት ታሪክ እንደ ማለት ነው፤ በ1990 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ተሟልቶ ወጣ። በመጀመሪያው ክፍል አርሌ የምትባል የ6 ዓመት ሕፃን ከአስማት መዋዕለ ሕፃናት ለመመረቅ የመጨረሻ ፈተናዋን በአንድ ግንብ ውስጥ ትፈተናለች። የዚህ ጨዋታ ልዩ ነገሩ ቍጥር የሌለው መሆኑ ነው። በሌሎቹ ጨዋታዎች የጀግናው ጤና፣ ኀይልና ልምድ ሁሉ በአኀዝ ተጽፎ ይታያል፤ እዚህ ግን ተጫዋቹ የአርሌን ፊት መመልከት አለበት። ደኅና ስትሆን ትስቃለች፤ ስትመታ ቅንድቧ ይሸበሸባል፤ ሞት ሲቀርባት ዓይኗ ይደክማል፤ ሕመሟንም በቃል ትናገራለች። እናት የልጇን ትኵሳት ያለ መለኪያ ከፊቱ እንደምታነብ፣ ተጫዋቹም የሕፃኒቱን ፊት ማንበብ ይማራል። ከኮምፓይል ሥራ ሁሉ ለእኔ ልብ የቀረበው ይህ ነው።

የቤቱን ስም በጃፓን ሁሉ ያሰማው ግን በ1991 ዓ.ም. ጥቅምት የወጣው ፑዮ ፑዮ ነው። ይህን ጨዋታ በዋናነት ካሰናዱት አንዱ የማዶ ሞኖጋታሪም አዘጋጅ የነበሩት ካዙናሪ ዮነሚትሱ ናቸው። ዘመኑ ከሩስያ የመጣው ቴትሪስ ዓለምን የያዘበት ስለ ነበር፣ ከላይ የሚወርድ ነገር መደርደር ለሁሉም የታወቀ ነበር፤ ኮምፓይል ግን በድንጋይ ፈንታ ሕይወት ያለው የሚመስል ነገር አወረደ። ፑዮ የሚለው ቃል በጃፓንኛ ለስላሳ ነገር ሲነኩት እንደ መርገፍገፍ ያለውን ስሜት በድምፅ የሚገልጽ ነው፤ እነዚህም ዓይናማ ፍጥረቶች በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በመሰለው ቀለም ሆነው፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ወርዱ 6 ቁመቱ 12 ወደ ሆነ ጕድጓድ ይወርዳሉ። አራት አንድ ቀለም ያላቸው ከጎን ወይም ከላይና ከታች ሲነካኩ ይጠፋሉ፤ ከላያቸው ያሉት ይወርዳሉ፤ የወረዱትም እንደ ገና አራት ሆነው ከተገናኙ እነርሱም ይጠፋሉ፤ ይህም መያያዝ ሰንሰለት ይባላል። ተጫዋቹ ሰንሰለት ባስረዘመ ቍጥር በባላጋራው ራስ ላይ ቀለም የሌለው፣ በራሱ የማይጠፋ ሸክም ይዘንባል። ስለዚህ ገበጣ ተጫዋች ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የት እንደሚያርፍለት ቈጥሮ እንደሚጨርስ፣ የፑዮም ሊቅ ሦስትና አራት እርምጃ ያህል አስቀድሞ በኅሊናው ያያል።

በ1992 ዓ.ም. ሴጋ ጨዋታውን በሕዝብ መጫወቻ አዳራሾች እንዲተከል አድርጎ ሲያወጣው፣ የማዶ ሞኖጋታሪ ሰዎች የአርሌ ተቃዋሚ ሆነው ገቡበት፤ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊትም እንደ ተረበኛ ጥንድ አጭር ቀልድ ይነጋገሩ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ሁለተኛው ፑዮ ፑዮ ወጣ፤ እርሱም አንድ ትንሽ የምትመስል ሕግ ጨመረ፦ ባላጋራ የላከው ሸክም ገና ሳይወርድ በራስ ሰንሰለት ሊመለስ ይችላል። በዚህች አንዲት ሕግ ምክንያት ጨዋታው ከመደርደር ወደ ሙግት ተለወጠ፤ መላክ፣ መመለስ፣ እንደ ገና መላክ ሆነ። ታላቅ ሰንሰለት ለማከማቸት ቁመቱን የሚያስረዝም ሰው ታላቅ ድል ያገኛል፤ ነገር ግን ከግራ ሦስተኛው ዐምድ ጫፍ ድረስ የሞላ ዕለት፣ ያከማቸው ሁሉ ሳይፈታ ሞቱ ይሆናል። አሜሪካኖች ግን ፑዮን በስሙ አላወቁትም፤ በ1993 ዓ.ም. ሶኒክ የሚባለው የሴጋ ጨዋታ ጀግና ባላንጣ የሆነው የዶክተር ሮቦትኒክ መልክ ተሰጥቶት፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ኪርቢ የሚባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ ፍጥረት ፊት ተሰጥቶት ቀረበላቸው። ሥራው ከሠሪው ስም ተለይቶ መኖር እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ግን ማንም በዚያ ወቅት አላሰበበትም።

ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ሲገባ ቤቱም ሰፋ። ብዙ አዳዲስ ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ ፑዮማን ተጋገረ፤ ልብስና ዕቃ ሁሉ የፑዮ መልክ ወጣበት፤ ኩባንያው መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት ፓወር አክቲ የሚባል የንግድ ፕሮግራም በብዙ ወጪ አዘጋጀ፤ ከዚህም አልፎ ማዶ ላንድ የሚባል፣ አርሌና ባልንጀሮቿ ሕዝቡን የሚቀበሉበት ታላቅ የመዝናኛ ሥፍራ ለመሥራት አሰበ። ኒታኒን በዚህ በስግብግብነት ልወቅሳቸው አልወድም። በአውራጃ ከተማ ተወልዶ ያደገ ድርጅት፣ ከቶኪዮ ወደ ሂሮሺማ ሕዝብ የሚጎርፍበት ቀን እንዲመጣ መመኘቱ የሚያስከብር ምኞት ነው። ጥፋቱ ሌላ ላይ ነው፤ በጥቂት ቦታ ብዙ ማሳደርን የተማሩ ሰዎች፣ ቦታውና ገንዘቡ ሲበዛላቸው፣ ያች ቁጥብነታቸው የድኽነት ልማድ ሳትሆን የጥበባቸው ሥር መሆኗን ሳያስተውሉ ቀሩ። የሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፤ የንግዱ ፕሮግራም ግን የታሰበለትን ገበያ አላገኘም፤ መዝናኛውም ከሐሳብነት አላለፈም። ዐምዱ ከጫፍ ደረሰ።

በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮምፓይል ከ7 ቢሊዮን የን የሚበልጥ ዕዳ ተሸክሞ በፍርድ ቤት ፊት ቀረበ፤ የጠየቀውም ዋጊ የሚባለውን፣ ተበዳሪው ከአበዳሪዎቹ ጋር በዳኛ ፊት ተስማምቶ ሥራውን ሳይዘጋ ዕዳውን እየከፈለ እንዲቈይ የሚፈቅደውን፣ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ሕግ ነው። ቤቱ ሳይፈርስ ለመቈየት ዋጋ ያለው ነገር መሸጥ ነበረበት፤ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። የፑዮ ፑዮ መብት በዚያው ዓመት ወደ ሴጋ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ኮምፓይል ፑዮን ሲሠራ በሸጠው ርስቱ ላይ እንደሚያርስ ጭሰኛ ሆኖ፣ በገዢው ፈቃድ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አራተኛው ፑዮ ፑዮ የተሠራው በዚህ ሁኔታ ነው። የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች አርሌን በሚሥሉበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ገና በ6 ዓመቷ ከግንቡ ያስወጧትን ልጅ ከሌላው ባለ መብት በውሰት እንዳገኟት እያወቁ ሲሠሩ ምን ይሰማቸው እንደ ነበር ሳስብ ልቤ ይነካል።

ዕርቁ ዕድሜ አስረዘመ እንጂ አላዳነም። ሠራተኞቹ እየተበተኑ ሄዱ፤ በ2003 ዓ.ም. ኩባንያው በፍርድ ከሥሮ ጠፋ። ከውስጡ የወጡ ጥቂቶች በዚያው ዓመት ማይልስቶን የሚባል ቤት አቁመው የጥንቱን ተኳሽ ጨዋታ መሥራት ቀጠሉ፤ ሌሎች በየኩባንያው ገቡ፤ ዮነሚትሱም ከዚህ ሁሉ በፊት ከቤቱ ወጥተው በ1998 ዓ.ም. ባሮክ የተባለውን ጨዋታ በሌላ ድርጅት መርተዋል። በዚያው በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሴጋ በራሱ ሠራተኞች እጅ የሠራውን ፑዮ ፑዮ አወጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ፑዮ ከቴትሪስ ጋር በአንድ ጨዋታ ተዋሐደ፤ በ2018 ዓ.ም. በጃፓን ለውድድር ተጫዋቾች የሙያ ፈቃድ መሰጠት ሲጀመር ፑዮ ፑዮ ከተመረጡት ጨዋታዎች መካከል ተቈጠረ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች የሚሟገቱት ዛሬም በዚያው ወርዱ 6 ቁመቱ 12 በሆነው ጕድጓድ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. የተጨመረችውም ሕግ ሳትነካ አለች።

በ2006 ዓ.ም. አይዲያ ፋክቶሪ ከተባለ ኩባንያ ጋር ኮምፓይል ሃርት የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ኒታኒም በመጀመሪያው ጊዜ ከውስጡ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከስሙ በቀር የድሮውን ቤት የሚያስታውስ ነገር ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን ኒታኒ በስተርጅናቸው ኮምፓይል ማሩ የሚባል አዲስና ትንሽ ቤት ከፈቱ፤ በማግሥቱ ዓመትም ለኒንቴንዶ የእጅ መጫወቻ የሚሆን፣ ከላይ እየወረደ የሚደረደርና ከባላጋራ ጋር የሚያፋልም ጨዋታ አወጡ። ፑዮ ብለው ሊጠሩት አልቻሉም፤ ቃሉ የሌላ ሆኗልና። ስለዚህ እንደ ፊተኛው ድምፁ ተደጋግሞ የሚነገር ሌላ ቃል መረጡለትና ኒዮኪ ኒዮኪ አሉት፤ ይህም በጃፓንኛ ቡቃያ ከመሬት እየተከታተለ ብቅ ብቅ ሲል የሚነገር ነው።