የአሮጌ መኪና የፊት እግርና መሪ እድሳት በጋሞ አቀበትና ቁልቁለት

በኢትዮጵያ የአውቶሞቢል ታሪክ ሲወሳ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው የመጀመሪያው መኪና ነው። የመጣበት ዘመን፣ የነዳው ሰውና የተቀበሉት ንጉሠ ነገሥት በየመጻሕፍቱ ሰፍረው ይገኛሉ። መኪናው ከገባ በኋላ ግን እየተፈታ የሚጠገን፣ እየታደሰ የሚገጠም መሆኑ፣ ይህንንም የሚፈጽሙት እጆች የራሳቸው ታሪክ ያላቸው መሆኑ እምብዛም አልተጻፈም። ሆኖም ኢትዮጵያን በመሰለ፣ መኪና ከተሠራለት ዕድሜ በላይ በሚያገለግልበት አገር፣ ከግዢው ታሪክ ይልቅ የጥገናው ታሪክ ረጅሙ ነው።

ከመኪና ክፍሎች ሁሉ መንገድን በቀጥታ የሚቀምሰው የፊት እግሩ ነው። ሞተር ቢደክም መኪናው ይቆማል፤ መሪና የፊት እግር ሲከዱ ግን መኪናው አይቆምም። ልዩነቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት የጋሞን መንገዶች መመልከት ይበቃል።

መንገዱ

አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከተማዋ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቆርቁራ የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትን ከጨንቻ ተረክባለች። ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የጋሞ ዞን መቀመጫ ናት። ጨንቻ ደግሞ ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ስትሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው የመንገድ ርዝመት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ መኪና ወደ 1400 ሜትር ይወጣል፣ ይወርዳልም።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1400 ሜትር ሲወርድ ከ27 ሚሊዮን ጁል በላይ ኃይል በማርሽና በፍሬን መዋጥ አለበት። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይጋደላል፤ የፊት አክስሉም ከቦታው ሊጠማዘዝ ይሞክራል። ይህን ግፊት የሚቋቋሙት ባሌስትራው፣ ጎሚኒዎቹና ማሰሪያ ብሎኖቹ ናቸው። መታጠፊያዎቹ ደግሞ መሪውን ያለ ዕረፍት ያሠሩታል። ለረጅም ዘመን ጠጠር በነበረው በዚያ መንገድ በሜዳ ላይ የማይታወቅ ጥቂት ልቅነት በቁልቁለቱ ላይ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆን ነበር።

መኪናው

ስለ ፊት እግር እድሳት ለመናገር ላንድሮቨርን ያህል አስተማሪ ምሳሌ አይገኝም። ይህ መኪና ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። ሁለተኛው ትውልድ በ1950፣ ሦስተኛው በ1964 ዓ.ም. ተከተሉ። አክስሉን በሞላ የተሸከመው ሞዴል የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ሁሉ በአራቱም ጎማዎች ላይ ባሌስትራ ያላቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ገጠር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የሚሲዮን ድርጅቶች በሰፊው የተገለገሉባቸውም እነዚሁ ባለ ባሌስትራዎቹ ናቸው።

የፊት እግሩ አሠራር ቀላል ይመስላል። ወጥ የሆነ አክስል በሁለት ባሌስትራዎች ላይ ይቀመጣል፤ በየጫፉ ያለው ሉል ቅርጽ መጋጠሚያ፣ ላዩ በቡሽ፣ ታቹ በኩሽኔታ ተይዞ፣ መንኰራኩሩን ያዞራል። የመሪው ትእዛዝ ከመሪ ሳጥኑ ተነሥቶ፣ በሻንሲው የፊት ተሻጋሪ ብረት ውስጥ በቆመ አስተላላፊ ዘንግ በኩል አልፎ፣ በቴስቲናዎች በተጋጠሙ ዘንጎች ወደ መንኰራኩሮቹ ይደርሳል። ከነጂው እጅ እስከ ጎማው ድረስ ያለው ጉዞ ብዙ መጋጠሚያ አለው፤ እያንዳንዱም መጋጠሚያ የሚያረጅ ነው።

ቋንቋው

ሠራተኛው ይህን ሁሉ የሚጠራባቸው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቴስቲና፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ቶርኖ፣ ክሪክ፤ አብዛኞቹ ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን የጭነት መኪናና የጥገና ሥራ በብዛት ገባ። ወራሪው ተባሮ ከሄደ በኋላ መኪናውና ሙያው ቀሩ። ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 ደግሞ «ኤንትሬ» እየተባሉ በሕዝብ አፍ መጠራታቸው የዚሁ ውርስ ምልክት ነው። ስለሆነም እንግሊዝ የሠራው ላንድሮቨር በኢትዮጵያ ጋራዥ ውስጥ በጣሊያንኛ ስም ይፈታል፣ በአማርኛ ምክር ይገጠማል።

ነገር ግን ቃሉ በአፍ ሲተላለፍ ልኩ አብሮ አልተላለፈም። ተለማማጁ ቴስቲናን በዐይኑ ለይቶ ያውቃል፤ ምን ያህል ልቅነት እንደሚፈቀድለት የሚናገረው መጽሐፍ ግን በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ያም ቢሆን ከብዙ ጋራዥ አይገኝም።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.

መሪ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የሕግ ጉዳይም ሆኖ ያውቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ የአገሪቱ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረ። ባለ ቀኝ መሪ መኪና የያዘ ባለቤት በአንድ ቀን ውስጥ ከመንገዱ መካከል ርቆ፣ በዳር በኩል ተቀምጦ የሚነዳ ሆነ። ቀድሞ ለማለፍ ሲሻ ከፊቱ የሚመጣውን በወቅቱ አያይም። መሪን ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ደግሞ ክቡን ብቻ መንቀል አይደለም። የመሪ ሳጥኑ፣ ዘንጎቹ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫዎቹ አብረው ይዛወራሉ። የመሪ ሥራ በቁራጭ እንደማይሠራ ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

እድሳቱ

በአሮጌ የፊት እግር ላይ የተለመደው ስሕተት አንዱን ክፍል ለውጦ ሌላውን መተው ነው። በየመጋጠሚያው ያለው ጥቂት ልቅነት ተደምሮ በመሪው ክብ ላይ ይታያል። ይህን ለማጥፋት ብዙውን ጊዜ የመሪ ሳጥኑ ማስተካከያ ብሎን ይጠበቃል። ይሁን እንጂ የሳጥኑ ጥርሶች ይበልጥ የሚበሉት ቀጥ ብሎ በሚነዳበት በመካከለኛው ቦታ ነው። መካከሉ እስኪጠብቅ ድረስ የታሰረ ሳጥን ሲታጠፍ ይነክሳል፤ በመታጠፊያ ላይም መሪው አልመለስ ይላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ አቋራጩ ሥራውን ያረዝማል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከምርመራ ይጀምራል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል፤ በዚህ ጊዜ የሚታየው ልቅነት የኩሽኔታው ወይም የሉሉ መጋጠሚያ ነው። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ ደግሞ የቴስቲናዎቹ ጤና ይገለጣል። አንድ ሰው መሪውን እያወላወለ ሌላው ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ ቢዳስስ የልቅነቱ ምንጭ አይሰወርም።

በእድሳቱ ጊዜ ሦስት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛ፣ በአስተላላፊው ዘንግ ውስጥ በኃይል የታመቀ ሞላ አለ፤ ሳይታሰር የተፈታ እንደ ሆነ ሰውን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ የባሌስትራው ጎሚኒዎች ከውስጥና ከውጭ በብረት የተያዘ ጎማ ስለሆኑ ብሎኖቻቸው የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኙት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎማው ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ሦስተኛ፣ የመሪ ዘንግ ወይም ክንድ ሲሰበር መበየድ አይገባም፤ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጠባይ ይለውጠዋልና።

በመጨረሻም ልክ ይመጣል። በባለ ባሌስትራው ላንድሮቨር የማዞሪያው ምሰሶ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ፣ ወደ ውስጥ 7 ዲግሪ ያዘነብላል። መሪው ከመታጠፊያ በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ዝንባሌ ነው። የደከመ ባሌስትራ ወይም ያለ ልኩ የገባ መደብ አክስሉን ባዞረው ጊዜ ይህ ዝንባሌ ይጠፋል። የፊት ጎማዎቹም ከኋላ ጠርዛቸው ይልቅ በፊት ጠርዛቸው ከ1.2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር መቀራረብ አለባቸው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደልዳላ ወለል፣ ቀጥ ያለ ዘንግና ጥንቃቄ ያለው እጅ ይበቃሉ።

ባሌስትራው ሲሞት

ባሌስትራ ሲሰበር ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ ቅጠል መተካት የተለመደ ነው። የቅጠል ጥንካሬ ግን በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። በ6 ሚሊ ሜትር ቅጠል ፈንታ ባለ 7 ሚሊ ሜትሩ ቢገባ የዚያ ቅጠል ጥንካሬ ወደ 1.6 እጥፍ ይደርሳል። ዐይን ያልለየውን አንድ ሚሊ ሜትር መኪናው ይለየዋል፤ በአንድ ወገን ይቆማል፣ በሌላው ይዘምማል።

ከመኪና የወረደ ባሌስትራ አይጣልም። በኢትዮጵያ ገጠር ቀጥቃጩ አግሎ ማጭድ፣ ቢላዋና መጥረቢያ ያወጣበታል። የጋሞ ደጋ ገበሬ እርከኑንና የእንሰት ማሳውን የሚቆፍርበት ባለ ሁለት ጣት መሣሪያም የቀጥቃጭ እጅ ሥራ ነው። ይሁንና ብረት ሠሪው በጋሞ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን ከክብር ዝቅ ተደርጎ ሲታይ፣ መሬት እንዳይዝም ሲከለከል መኖሩ የታወቀ ነው። ገበሬው ያለ እርሱ አያርስም፤ እርሱ ግን የሚያርሰው አልነበረውም።

ይህ ንቀት መልኩን ለውጦ ዘይት በነካው የጋራዥ ሠራተኛ ላይም ማረፉ አልቀረም። መሐንዲሱ የሚያሰላውን ሠራተኛው አላነበበውም፤ ሠራተኛው በጣቱ የሚያውቀውን መሐንዲሱ አልመዘገበውም። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመባት፣ በ1996 ዓ.ም. ያው ተቋም ዩኒቨርሲቲ የሆነባት ከተማ ናት። መካኒካል ምህንድስና የሚሰጥበት አዳራሽና መኪና የሚፈታበት ጋራዥ በአንድ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም።

ርቀቱን ለማጥበብ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የዝንባሌው ልክ፣ የሚፈቀደው ልቅነት፣ የማጥበቂያው ቅደም ተከተል በአማርኛ፣ ሠራተኛው በሚያውቃቸው ቃላት፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የመጀመሪያው ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ቴስቲና ቴስቲና ተብሎ ይጻፍ፤ ቃሉን ማቅናት ለሌላ ጊዜ ይቆይ። አስቀድሞ መቅናት የሚገባው ከጨንቻ ሰው ጭኖ የሚወርደው መኪና መሪ ነው።