ሊርጄት፦ የችኩል ሰው አውሮፕላን

በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርሊ ሳይመን የተባለች አሜሪካዊት ድምፃዊት፣ ራሱን ከሁሉ በላይ የሚያይ አንድ ወንድ በነገር የምትወጋበት ዘፈን አወጣች። የሰውየውን ሀብት አልዘረዘረችም፤ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት በገዛ ሊርጄቱ ካናዳ ድረስ፣ ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ እንደ በረረ ነገረችን። የቀረውን አድማጭ ራሱ ሞላው። ሊርጄት ለገበያ ከቀረበ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በዚያች አጭር ዕድሜ ከፋብሪካ ዕቃነት አልፎ ዘይቤ ሆኗል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ስለ አውሮፕላን ምን አገባው ለምትሉኝ፣ ምክንያቴ ይኸው ነው።

የቃሉ ግማሽ የሰው ስም ነው። ዊሊያም ሊር በ1902 የተወለደው በሚዙሪ ግዛት፣ በሐኒባል ከተማ ነው፤ ማርክ ትዌይን ያደገባት፣ በልቦለዱም ሌላ ስም ሰጥቶ ያኖራት የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከተማ ናት። ሊር ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፈም። እጁ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ በ1930 ገደማ ሞቶሮላ የተባለውን የመኪና ራዲዮ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነበር። ኋላም የጄት አውሮፕላንን በረራ አብራሪውን ተክቶ የሚመራ መሣሪያ ሠርቶ የ1949ን የኮሊየር ሽልማት ተሸለመ።

ስዊሶች በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ባለችው በአልተንራይን ፒ-16 የተባለ ተዋጊ ጄት ይሠሩ ነበር። በ1955 አንዱ ከሐይቁ ገባ። በ1958 መንግሥት 100 ሊገዛ በወሰነበት ወር ሌላው ደገመ። አብራሪዎቹ ተረፉ፤ ግዢው ግን ተሰረዘ። እንግዲህ አገር የጣለውን ክንፍ ሊር አነሣው። አጭር፣ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ በጫፍና በጫፉ የነዳጅ ታንክ የተሸከመ ክንፍ ነበር፤ ሊር ከሥሩ ቦምብ ከማንጠልጠል ይልቅ ከላዩ ነጋዴ ሊያስቀምጥበት አሰበ። ሥራው በስዊዘርላንድ ቢንቀራፈፍበት በ1962 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዊቺታ፣ ካንሳስ ሄደ።

በጊዜው ሌሎች የባለሥልጣንና የነጋዴ ጄቶች አልነበሩም ማለት አይደለም። የሎክሂድ ጄትስታርና የኖርዝ አሜሪካን ሳብርላይነር ቀድመው በርረዋል፤ ነገር ግን የጦር ኃይሉን ገበያ ጭምር ተስፋ አድርገው የተሠሩ፣ ከበድ ያሉና ውድ ነበሩ። ሊር ያለ ማንም አዛዥ፣ በራሱ ገንዘብና በብድር ገባበት። የመጀመሪያው ሊርጄት 23 ኦክቶበር 7 ቀን 1963 ከዊቺታ ተነሣ። በጁን 1964 የመንግሥት ፈታኝ አብራሪ እየነዳው ሳለ፣ በክንፉ ላይ አየር የሚገቱት ሽፋኖች እንደ ተከፈቱ ቀርተው እርሻ ላይ ወረደና ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም። ገንዘብ ላጠረው ኩባንያ የኢንሹራንሱ ካሳ ሲሳይ ሆነለት፤ ሁለት ወር ሳይሞላም አውሮፕላኑ የበረራ ብቁነት ማረጋገጫ አገኘ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የመጀመሪያው ለገዢ ተሰጠ።

ሞተሮቹ የጀነራል ኤሌክትሪክ ሲጄ610 ናቸው። ወታደራዊ ወንድማቸው ጄ85 ይባላል፤ መጀመሪያ የታሰበው ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተለቅቆ የጠላትን ራዳር ለሚያሳስት ሰው አልባ ማታለያ ነበር። ይኸው ጄ85 ኋላ ኤፍ-5ን አበረረ፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል በ1977 በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚጎች የገጠመበትን ኤፍ-5 ማለቴ ነው። ሙሉ ጭነቱን ይዞ 5,700 ኪሎ እንኳ በማይሞላ አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ሞተሮች ሲገጠሙ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ደረሰ። በ1965 መጨረሻ 40,000 ጫማ፣ ማለትም ከ12,000 ሜትር በላይ፣ በ7 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ወጣ። በ1966 ተከታዩ ሊርጄት 24 ዓለምን ሲዞር በአየር ላይ ያሳለፈው 50 ሰዓት ያህል ነው።

ምቾት ግን አልነበረውም። ተሳፋሪው አጎንብሶ ገብቶ አጎንብሶ ይወጣል። ሊር በዚህ ሲወቀስ ካዲላክ ውስጥም ቢሆን ቆሞ የሚሄድ የለም ብሎ ይመልስ ነበር ይባላል። መልሱ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። ሊር የሸጠው ሳሎን ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ከጊዜውም ጋር መልክ። ሹል አፍንጫው፣ ወደ ላይ የሚስፈነጠርበት ሁኔታ፣ በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ታንኮች ሁሉ ባለ ከረባቱን ሰው ለአንድ አፍታ የተዋጊ አብራሪ ያደርጉታል። ጠባብነቱ ራሱ የውበቱ አካል ሆነ። ፍራንክ ሲናትራ በ1965 አንዱን ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ሊር ማስታወቂያ ያስፈልገው ኖሮ ይሆን?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የሰማይ መፍሰስ ግን አይለቀምም። ከ100 ጥቂት ከሚበልጡት ሊርጄት 23ዎች ሩብ ያህሉ በዓመታት ውስጥ በአደጋ ጠፍተዋል። የፕሮፔለር ሰዎች የነበሩ ብዙ አብራሪዎች በተዋጊ ጄት ክንፍ ላይ ሲቀመጡ፣ ስሕተትን ለማረም የለመዱት ፋታ አልጠበቃቸውም።

በጃንዋሪ 1977 የሲናትራ እናት ዶሊ፣ ልጃቸው በላስ ቬጋስ የሚያቀርበውን ዝግጅት ለማየት ከፓልም ስፕሪንግስ በኪራይ ሊርጄት ተነሡ። በመኪና የጥቂት ሰዓታት መንገድ ነው። አውሮፕላኑ በሳን ጎርጎንዮ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። ዝናውን ያስጠራለት ቤት ነበር ሐዘን የገባው።

በኦክቶበር 1999 ደግሞ የጎልፍ ሻምፒዮኑ ፔይን ስቱዋርት የተሳፈረበት ሊርጄት 35 ከኦርላንዶ ወደ ዳላስ ሲነሣ የውስጥ የአየር ግፊቱን አጣ። በዚያ ከፍታ ሰው ነፍሱን ሳይስት የሚቆየው ለሰከንዶች ነው። አውሮፕላኑ መዞሪያውን አልፎ ማንም ሳይነዳው ለአራት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ በረረ። የተከተሉት የአየር ኃይል አብራሪዎች መስኮቶቹ በአመዳይ ተሸፍነው አዩ፤ ሊያደርጉ የቻሉት ነገር አልነበረም። ነዳጁ ሲያልቅ በደቡብ ዳኮታ ሜዳ ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት ስድስቱም ሞቱ። እኔ ከሊርጄት ታሪክ ሁሉ ይህን ቀን መርሳት አልቻልሁም።

ሊር ራሱ በ1967 ድርሻውን ሸጦ ወደ ሌላ ፈጠራ ዞረ፤ በ1978 ሞተ። ስሙን የያዘው ፋብሪካ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1990 ለካናዳው ቦምባርዲየር ገባ። ከጊዜ በኋላ ገዢዎች ቆመው የሚሄዱበት ሰፊ ጄት እየመረጡ ሄዱ፤ የካዲላኩ መልስ አልሠራም። ከ3,000 በላይ ሊርጄቶች ከተሠሩ በኋላ የመጨረሻው በማርች 2022 ከዊቺታ ለገዢው ተላለፈ።

ዋሽንግተን ያላችሁ አንባብያን፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ሊርጄት 23 በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ከአፍንጫ እስከ ጅራት 13 ሜትር ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት በሩን ተመልከቱ፤ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ታያላችሁ።