ፋይሉ ማን እጅ ነው ያለው?

ባለፈው ዓመት አንድ የቆየ ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስኩ። ስሙን ልተወው። የመጀመሪያ ቀን «ፋይሉ አልተገኘም» ተባልኩ። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሠራተኛ አዘነችልኝና እውነቱን ነገረችኝ፦ «የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው። የት እንዳስቀመጡት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ለካ ፋይሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ፋይሉን የሚያውቀው ሰው ነው።

ይህ የእኛ የወረቀት ዘመን ችግር ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሊነክስን ታሪክ ሳነብ ግን በዓለም ላይ ካሉ ግዙፍ የሶፍትዌር ሥራዎች አንዱ በዚሁ ችግር ሁለት ጊዜ ሊሰናከል ደርሶ እንደነበር ተረዳሁ። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩን እናቅለው። ከእያንዳንዱ ሶፍትዌር ጀርባ ሰው የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ ባለሙያዎቹ ሶርስ ኮድ ይሉታል። ጽሑፉ በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። አሥር ሰው በአንድ ጽሑፍ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚፈጠር እኛ ጋዜጠኞችም እናውቀዋለን፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ይፈለፈላሉ። ማን ምን እንደቀየረ፣ ለምን እንደቀየረ የሚያስታውስ አይኖርም። ለዚህ መላ ለመፈለግ ማርክ ሮችካይንድ የተባለ የቤል ላብስ ባለሙያ በ1972 እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠራ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ መሣሪያዎች ተፈራረቁ።

ሊነክስ ግን ለዓመታት ያለ እነዚህ መሣሪያዎች ነው ያደገው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የመጀመሪያውን ሲለቅ ጠቅላላ ጽሑፉ 10 ሺህ መስመር ያህል ነበር። ያን ያህሉን አንድ ሰው በጭንቅላቱ ይይዘዋል። በ1994 እትም 1.0 ሲወጣ ከ170 ሺህ መስመር አለፈ። ያን ጊዜ የግድ ቤቱን በክፍል በክፍል ማደራጀት አስፈለገ።

አደራጀቱ ደስ ይላል። ፋይሎችን የሚያነብና የሚጽፈው ክፍል ለብቻው፣ የኔትወርኩ ለብቻው፣ የማስታወሻ አያያዙ ለብቻው፣ ፕሪንተርና ካሜራን የመሳሰሉ ዕቃዎችን የሚያናግረው ለብቻው ፎልደር አላቸው። ሊነክስ ሲጀመር ለአንድ ዓይነት የኢንቴል ቺፕ ብቻ የተጻፈ ነበር። በ1995 ሌሎች ቺፖች ሲጨመሩ የየቺፑ ልዩ ጣጣ ሁሉ «አርክ» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ገባ። በአንዱ ቺፕ ላይ የሚሠራ ሰው የሌላውን ጓዳ እንዳያምስ ማለት ነው። ከሁሉም ደግሞ እኔን የገረመኝ «ሜንቴነርስ» የሚባለው ፋይል ነው። የትኛው ክፍል በማን ኃላፊነት ሥር እንደሆነ፣ ሰውየው በየት አድራሻ እንደሚገኝ ተዘርዝሮበታል። ማንም ከፍቶ ያነበዋል። የእኛ ጋሼ ይህችን አንዲት ወረቀት በር ላይ ለጥፈው ቢሄዱ ኖሮ እኔ ሦስት ቀን ባልተጉላላሁ!

ነገር ግን ክፍሉ ቢደራጅም በሩ አንድ ነበር። ከመላው ዓለም የሚላከው ማስተካከያ በኢሜይል ሊነስ ዘንድ ይደርሳል፤ እሱ አንብቦ በእጁ ያስገባል። ሲበዛበት ያልፈዋል፤ ላኪው «ደረሰ? አልደረሰ?» እያለ ደግሞ ይልካል። በ1998 ጉዳዩ ወደ ግልጽ ጠብ አመራ። ሰዎቹ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሥራው አድጓል፣ አንድ ሰው ግን አንድ ሰው ነው።

መፍትሔ ይዞ የመጣው ላሪ ማክቮይ ነበር። ኩባንያው «ቢትኪፐር» የተባለ መሣሪያ ሠራ፤ ሊነስም ከ2002 ጀምሮ ተጠቀመበት። ሥራው በአጭር ጊዜ ተፋጠነ። ቢትኪፐር ግን ያኔ የግል ንብረት ነበር። ለሊነክስ ሠራተኞች በነፃ ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ከነዚህም አንዱ ተጠቃሚው ተፎካካሪ መሣሪያ እንዳይሠራ የሚከለክል ነበር። ሪቻርድ ስቶልማንን የመሰሉ የነፃ ሶፍትዌር ተሟጋቾች «ይህ አያዛልቅም» ብለው ተቃወሙ። ሊነስ ግን የተሻለው መሣሪያ እሱ ነው ብሎ በአቋሙ ጸና።

ሦስት ዓመት ቆየ። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያ የሚኖር ባለሙያ ከቢትኪፐር ሰርቨር ጋር የሚነጋገር የራሱን ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ቢትኪፐርን ራሱ ስላልተጠቀመበት ውሉ አያስረኝም ባይ ነው። ማክቮይ ደግሞ ይህን ድካሜን መስረቅ ነው አለ። በኤፕሪል 2005 ኩባንያው ነፃውን አገልግሎት እንደሚያቋርጥ አሳወቀ።

እዚህ ላይ ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ። ማክቮይ ጥሩ መሣሪያ በነፃ ሰጥቷል፤ ኩባንያውም መኖር ነበረበት። ጥፋቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው። የአንድ ትልቅ ሥራ መዝገብ በአንድ ኩባንያ መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ሊነስ ሌላውን ሥራ ትቶ ተቀመጠ። ኤፕሪል 3 የጀመረው «ጊት» የተባለ መሣሪያ ኤፕሪል 7 ላይ የራሱን ኮድ መመዝገብ ቻለ። በጁን ወር የወጣው ሊነክስ 2.6.12 በጊት የተዘጋጀ ነበር። ዛሬ የዓለም ፕሮግራመሮች በብዛት የሚሠሩበት እሱ ነው።

የጊት ሐሳብ እንዲህ ነው። መዝገብ ቤቱ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይሉን ከሙሉ ታሪኩ ጋር በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል። እያንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ከይዘቱና ከቀዳሚው ለውጥ የሚሰላ ማኅተም አለው። አንድ ሰው የቆየ መዝገብ ቢፍቅ ከዚያ በኋላ ያሉት ማኅተሞች በሙሉ ይለወጣሉ፤ ሙሉ ቅጂ የያዘ ሌላ ሰው ሲያመሳክር ወዲያው ይደርስበታል። ሰነድ ተፍቆ ወይም ተቀይሮ ለተጎዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ጉዳት ግን አልቀረም። ሊነክስ ወደ ጊት ሲገባ ከ17 ሺህ በላይ ፋይሎች የገቡት ያለፈ ታሪካቸውን ሳይዙ ነው። የቀደሙትን ዓመታት ታሪክ ሌሎች ሰዎች በኋላ ለብቻው መልሰው ሰበሰቡት። ዛሬም የአንድ የቆየ መስመር ምክንያት ፍለጋ በዋናው መዝገብ ወደኋላ የሚሄድ ሰው 2005 ላይ ግድግዳ ያጋጥመዋል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሆኖም በ2008 ጊትሃብ የሚባል ድረ ገጽ ተከፈተ። ምቹ ነው፣ ሁሉም ሰው እዚያ ነው፤ ስለዚህ እንዲበተን ተብሎ የተሠራው መዝገብ ተመልሶ አንድ ቤት ገባ። ቤቱን በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ ያሉ ተጠቃሚዎች የግል ማከማቻዎቻቸው ተዘጉባቸው። በኮምፒውተራቸው ሙሉ ቅጂ የያዙት ኮዳቸው ከነታሪኩ ተረፈላቸው። እዚያ ብቻ ያስቀመጡት በር ላይ ቀሩ። ለኢራን ሙሉ አገልግሎቱ የተመለሰው ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ካገኘ በኋላ በ2021 ነው።

ወደ እኛ ስመጣ፣ አገልግሎቶቻችን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እየገቡ ነው። ጥሩ ነው። ግን ስለ አዲስ ሲስተም ምረቃ ዜና ስንሠራ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለብን። ኮዱ ማን እጅ ነው? የሠራው ድርጅት ነገ ውሉን ቢያቋርጥ ሌላ ቅጂ ከነታሪኩ የት አለ? የየክፍሉ ኃላፊ ማን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀትስ አለ? መልሱ «እሱን የሚያውቀው አንድ ልጅ አለ» ከሆነ ጋሼን በኮምፒውተር ተካናቸው እንጂ ችግሩን አልፈታነውም።

እኔ ማስረጃዬን ያገኘሁት ጋሼ ከፈቃድ ሲመለሱ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ጎበዝ ሰው ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ጡረታ ይወጣሉ።

ቸር ያሰማን።