«ፋይል ኖት ፋውንድ»፦ «ዋዝ» የት ሄደች?

ፓሲቭ ቮይስ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ‹ፋይል ኖት ፋውንድ› ሲል ‹ዋዝ› የታለች? እኛ እንዲህ ብንጽፍ ኤክስ ነው» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ልጁ ግን እውነቱን ነው፤ መልሱም ታሪክ ውስጥ ነው ያለው።

ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት የጀመረ ነው። ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ቁጥር ስለነበር ፈረንጁ «ዘ»ን፣ «ኢዝ»ን፣ «ዋዝ»ን እየጣለ ገንዘቡን ቆጠበ። ጋዜጣም ለርዕስ ቦታ ሲጠበው ያንኑ አደረገ። ሄንሪክ ስትራውማን የተባለ የስዊስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ጋዜጣ ርዕሶች ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አጻጻፍ «ብሎክ ላንጉዌጅ» አለው። እንደኔ ስህተት ሳይሆን የራሱ ደንብ ያለው አጻጻፍ ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ «ዋዝ» ትጣላለች፣ «ኖት» ግን አትነካም። እሷ ከሄደች የጠፋው ፋይል ተገኘ ማለት ነዋ!

ኮምፒውተር ሲመጣ ገንዘቡ ቀርቶ ጊዜና ቦታ ሆነ ቁጥብ። ስክሪን ሳይስፋፋ መልስ የሚታተመው በቴሌታይፕ ወረቀት ላይ ነበር፤ ታዋቂው ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ነው የሚያትመው። የዩኒክስ «ኢዲ» የሚባለው ጽሑፍ ማረሚያማ ከዚህም ባሰ፤ ስትሳሳት የሚመልስልህ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲም በትንሹ 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ይዞ ነበር የሚሸጠው። የዶስ «ባድ ኮማንድ ኦር ፋይል ኔም» የዚያ ዘመን ልጅ ነው። («ባድ» እዚህ ጋ መጥፎ ማለት አይደለም፤ «ያልከውን አላወቅሁትም» ነው።) ዛሬ ሜሞሪ ሞልቶ ተርፎ ልማዱ ግን አልለቀቀም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ፈረንጅ «ኖ ስሞኪንግ» ብሎ ሲያልፍ እኛ ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ብለን «ነው»ን እስከ መጨረሻው እንጽፋለን። «አልተገኘም» የሚለውን ቃል ደግሞ ምኑን ትጥላለህ? ኖትም፣ ዋዝም፣ ፋውንድም፣ ባለቤቱም እዚያው አንድ ቃል ውስጥ ናቸው። ጌዶ ልጆች ቤታቸው በሚያወሩት ኦሮምኛም «ሂን አርገምኔ» ስትል «ዋዝ» ለብቻዋ ቆማ አታገኛትም። ስለዚህ ልጆቻችን የጎደለችውን ቃል የመፈለግ ልምድ ከቤት ይዘው አይመጡም።

ይህን የማነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ኮምፒውተር ብዙም ነክቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ በዚያ ጭንቀት ላይ «ኢንቫሊድ ፓስወርድ» ወይም «ሴሽን ኤክስፓየርድ» ቢመጣበት፣ እኛ እንዳስተማርነው ሰብጀክትና ቨርብ ሲፈልግ ደቂቃው ይሄዳል። መማሪያ መጽሐፉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያውቀው።

እኔ አሁን አንድ ፔሬድ ለዚህ መድቤያለሁ። መልእክቱን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ የተጣሉትን ቃላት ይመልሳሉ፤ «ዘ ፓስወርድ ኢዝ ኢንቫሊድ»፣ «ዘ ፋይል ዋዝ ኖት ፋውንድ»። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሙሉውን ሰጥቼ ያሳጥራሉ። «ኖት»ን የጣለ ዜሮ ነው።

እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ ስልካችሁ ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ክፍለ ጊዜ እፈልገዋለሁ።