ካቶድ ምዕራብ ነው

ልጆች ስለ መተንፈስ ሲማሩ «ንጹሕ አየር እናስገባለን፣ የተቃጠለ አየር እናስወጣለን» ይባላሉ። ክፍላቸው ከፍ ሲል ይህ አጠራር ይቀርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካዋል። እኔ ግን ከሁለቱ የነገሩን ጠባይ አጥርቶ የሚናገረው የመጀመሪያው ነው ባይ ነኝ። አየሩ በእርግጥም የተቃጠለ ነው። ካርቦኑ የነበረውን ጉልበት በሙቀት መልክ ሰጥቶ ጨርሷል፤ ዳግመኛ እሳት ቢለኩሱበት አይነድም። ወደ ነዳጅነት ይመለስ ከተባለ ጉልበቱ ከሌላ ቦታ መጥቶ መከፈል አለበት። 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን መለየት 283 ኪሎጁል ያህል ይጠይቃል። ይህን ዕዳ ከፀሐይና ከኤሌክትሪክ ለመክፈል በሚደረገው ጥረት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ቃል አለ፤ ፔሮቭስካይት።

ወደ እሱ ከመሻገሬ በፊት «ጋዝ» ለሚለው ቃል ጥቂት ቦታ ልስጠው። ቃሉን የፈጠረው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሰው ነው። 62 ፓውንድ ከሰል አቃጥሎ 1 ፓውንድ አመድ ብቻ ቀረው። የቀረው 61 ፓውንድ የት ገባ? በዕቃ የማይያዝ፣ በዓይን የማይታይ መንፈስ ሆኖ ሄዷል አለ፤ ቅርጽ የለሽ ትርምስን ከሚያመለክተው «ካኦስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ተነሥቶም «ጋዝ» ብሎ ሰየመው። ጽሑፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። እንግዲህ በዚህ ስም መጀመሪያ ከተጠሩት አንዱ ይኸው የተቃጠለ አየር ነበር። «ካርቦን»ም ቢሆን በላቲን ከሰል ማለት ከሆነው «ካርቦ» የመጣ ነው። በእኛ ቤት ግን ጋዝ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ነጭ ጋዝ፣ ላምባው ነው። ከተቃጠለው ወደሚቃጠለው! ሳይንቲስቶቹ የሚመኙትን ጉዞ ቃሉ ቀድሟቸው ተጉዞታል።

ፔሮቭስካይት የሚለው ስም መነሻው ርስት ነው። ከሞስኮ ወጣ ብሎ ፔሮቮ የሚባል የመኳንንት ይዞታ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ሰፍቶ ውጦታል። ባላባቱ አሌክሴይ ራዙሞቭስኪ ከጋብቻ ውጭ የወለዳቸው ልጆች በአባታቸው ስም አልተጠሩም፤ በርስቱ ስም ፔሮቭስኪ ተባሉ። ከእነሱ አንዱ ሌቭ ፔሮቭስኪ (እ.ኤ.አ. 1792–1856) በወጣትነቱ በቦሮዲኖ ጦርነት ተዋግቷል፤ በኋላም የሩሲያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። ማዕድን መሰብሰብ ይወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 የበርሊኑ የማዕድን ሊቅ ጉስታቭ ሮዘ ከኡራል ተራሮች የመጣ ድንጋይ መርምሮ ካልሲየም፣ ታይታኒየምና ኦክስጅን የያዘ አዲስ ማዕድን መሆኑን አረጋገጠ። ድንጋዩን የሰጠው አሌክሳንደር ኬመረር በፔሮቭስኪ ስም ይጠራልኝ አለ፤ ሮዘም ተስማማ። መጨረሻው ላይ የተቀጠለው «አይት» ከግሪክ የወረደ የድንጋይ መጠሪያ ነው፤ በፈረንሳዩ መንደር በሌ ቦ የተሰየመው ባውክሳይትም ይህንኑ ይዟል።

ሹም ለማክበር የወጣ ስም ስለ ድንጋዩ አንዳች አይናገርም። ይህ ጉድለት ይመስላል፤ ቃሉን ያራመደው ግን እሱ ነው። ድንጋዩ በውስጡ ባለው ነገር፣ ለምሳሌ «የካልሲየም ድንጋይ» ተብሎ ቢሰየም ኖሮ ከካልሲየም ጋር ታስሮ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ቪክቶር ጎልድሽሚት አቶሞቹ የተደረደሩበትን ቅርጽ መርምሮ፣ በመጠን የሚመጥኑ ሌሎች አቶሞችም በዚያው ቅርጽ ሊሰፍሩ እንደሚችሉ አሳየ። ቤቱ ያው ነው፣ ተከራዩ ይለዋወጣል። ቃሉም ድንጋዩን ትቶ የቅርጹ ስም ሆነ። ቱቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ከብርሃን ኤሌክትሪክ ያመነጩበት ፔሮቭስካይት ካልሲየምም ታይታኒየምም የለውም፤ እርሳስ አለው፣ እንደ አዮዲን ያለ ሃሎጅን አለው፣ በመካከል ደግሞ ካርቦንና ናይትሮጅን የያዘ ትንሽ ሞለኪውል ተቀምጧል። ያን ጊዜ ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 3.8 በመቶውን ነበር፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ25 በመቶ በላይ ደርሷል።

ሌላው የቤተሰቡ ወገን ሙቀት ወዳድ ነው። እንደ ላንታነም፣ ስትሮንሺየም፣ ብረትና ማንጋኒዝ ያሉትን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ የሚሠራ ሴራሚክ ሲሆን፣ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ በሚለዩ ሴሎች ውስጥ ካቶድ፣ ማለትም ከሁለቱ የኤሌክትሪክ ጫፎች አንዱ፣ ይሆናል። ዋና ሀብቱ የጎደለው ነው። በቅርጹ ውስጥ ኦክስጅን ሊኖርበት ሲገባ ባዶ የቀረ ስፍራ አለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲደርስ አንዱ ኦክስጅኑ ወደዚያ ባዶ ስፍራ ይገባል። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮን ተቀብሎ በሴራሚኩ ውስጥ አልፎ ወደ ሌላው ጫፍ፣ ወደ አኖዱ ይሻገራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በካቶዱ በኩል ይወጣል። ከሃይድሮጅን ጋር ሲዋሐድ ነዳጅ የሚሠራው እሱ ነው።

አኖድና ካቶድ የሚሉት ቃላት ለእኛ የቀረቡ መሆናቸውን አስተማሪዎች ሲናገሩ ብሰማ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1834 ማይክል ፋራዳይ ኤሌክትሪክ ገብቶ ለሚወጣባቸው ሁለት ጫፎች ስም ፈለገ። «ፖል» የሚለውን አልወደደውም፤ ጫፉ ራሱ የሚስብ ያስመስለዋል ብሎ። የምድር መግነጢስ ምድርን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚዞር ኮረንቲ የመጣ ነው እንበል አለ፤ ሴሉ በዚያው አቅጣጫ ቢቀመጥ ኮረንቲው ፀሐይ በምትወጣበት ገብቶ በምትጠልቅበት ይወጣል። ከምሥራቅና ከምዕራብ ስሞች ራሳቸው ቃል ለማውጣትም ሞክሮ ነበር። ከዚያ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ለነበረው ለዊልያም ሂወል ጻፈለት፤ ሂወልም ከግሪክ «አኖድ»ን፣ ወደ ላይ የመውጫ መንገድን፣ «ካቶድ»ን፣ የመውረጃ መንገድን አቀረበለት።

የእኛ ምሥራቅ ከግዕዙ «ሠረቀ» ነው፤ ወጣ፣ በራ። ምዕራብ ከ«ዐረበ» ነው፤ ገባ፣ ጠለቀ። የሰንበት ዋዜማ የሆነው ዓርብም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ፋራዳይ በግሪክ ሊለው የደከመበትን ግዕዝ በየዕለቱ አቅጣጫ ስንጠራ ይለዋል። «አኖድ ምሥራቅ፣ ካቶድ ምዕራብ» የሚል አንዲት መስመር በኬሚስትሪ መጽሐፋችን ብትገባ፣ ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የተቃጠለው አየር ኦክስጅኑን የሚለቀው በምዕራቡ ደጅ እንደሆነም አይረሳም።

ሁለቱ የፔሮቭስካይት ሥራዎች፣ ብርሃን መቀበልና አየሩን መለወጥ፣ እስካሁን በአብዛኛው በየፊናቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊዘርላንድ ሎዛን ሚካኤል ግሬትሰልና ባልደረቦቹ ሦስት የፔሮቭስካይት ሴሎችን በተከታታይ አገናኝተው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲለውጡ ካቶዱ ወርቅ ነበር፤ ከፀሐዩ ጉልበት 6.5 በመቶ ያህሉን በካርቦን ሞኖክሳይድ መልክ አስቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሂወል በኖረባት በካምብሪጅ የኤርዊን ራይስነር ቡድን ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የካርቦን ሞኖክሳይድና የሃይድሮጅን ድብልቅ የሚያወጣ «ሰው ሠራሽ ቅጠል» አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ቀለል ያሉ ቅጠሎች ሠርቶ በካም ወንዝ ላይ አንሳፈፋቸው።

የኡራሉ ድንጋይ በተራራ ላይ ዝናቡን ችሎ ኖሯል። እርሳስና አዮዲን ያለበት ዘመዱ ግን እርጥበት ሲነካው ይበላሻል፣ እርሳሱም መርዝ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ወንዝ ላይ የዋለው ፔሮቭስካይቱ ከውኃው በሽፋን ተለይቶ ነው። እርሳሱን በቆርቆሮ የሚተኩም አሉ። ቆርቆሮው ደግሞ አየር ሲያገኘው ቶሎ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ የአሁኑ ትግል እዚያ ላይ ነው።