የራዲዮ ሞገድ መለያ፦ ባትሪ የሌለው ቁጥር በከብት ጆሮ ላይ

ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ ባሉት የከብት ገበያዎች አንድ በሬ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ከአካሉ ላይ ይነበባል። ግንባሩ ቦቃ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የሄደ፣ ግራ ጆሮው የተሸረፈ፣ ታፋው ላይ የተተኮሰ። ባለቤቱ ምልክቱን ይናገራል፣ ጎረቤት ይመሰክራል። ነገሩ ከከረረ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በቀድሞው ሥርዓት ደግሞ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር። ሰውና ከብቱ ተዋውቀው በሚኖሩበት ቀበሌ ይህ አሠራር ብዙ ዘመን አገልግሏል። በሬው በሽሎን ተሻግሮ ወሎ፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከገባ በኋላ ግን ምልክቱን የሚያውቅ ምስክር አይገኝም። ቦቃ በሬ እዚያም ሞልቷል።

ሰፈር ተሻግሮም የማይጠፋ ምልክት ለመስጠት ዓለም ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ አርኤፍአይዲ ይባላል። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተሰባሰበ ሲሆን፣ ዘዴው በአማርኛ «በራዲዮ ሞገድ መለየት»፣ ዕቃው ደግሞ «የራዲዮ ሞገድ መለያ» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። ከዚህ በታች ባጭሩ ሞገድ መለያ እንለዋለን። በእንስሳት ምርምርና በመጋዘን ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ታግ ይሉታል፤ የሚያነበውን መሣሪያም ሪደር። አንባቢ ብንለው ያስኬዳል። ሁለቱን የሚያገናኘው አንቴና ነው፤ እሱ ከቴሌቪዥን ጋር ከገባ ቆይቷልና ትርጉም አይሻም።

ሳያውቀው በሞገድ መለያ የሚገለገል ሰው ብዙ ነው። ሲያስጠጉት በር የሚከፍት የሆቴል ካርድ፣ ማሽን ውስጥ ሳይገባ ሂሳብ የሚከፍል የባንክ ካርድ፣ ቺፕ ያለው ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ሁሉም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲገባ፣ ከኋላው ይጎርፉ ለነበሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሯጮች ሰዓት የያዘላቸው እንዲህ ያለ መለያ ነው። አንቴናው መንገዱ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ውስጥ ነበር። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ግን ይበልጥ የሚቀርበው በከብትና በበግ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ነው።

የጆሮውን ክብ ፕላስቲክ የከፈተ ሰው ባትሪ አያገኝም። የሚያገኘው በጣም ትንሽ የሲሊከን ቺፕና በክብ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ሽቦው አንቴናዋ ነው። አንባቢውም የራሱ የሽቦ ጥቅል አለው። ከባትሪው የወሰደውን ኤሌክትሪክ በዚያ ጥቅል ውስጥ በሰከንድ 134,200 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው፣ በዙሪያው እኩል የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። የመለያው ሽቦ እዚህ መስክ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ኤሌክትሪክ ይነሳል። ሕጉን ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 አግኝቶታል፤ የመብራት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመርም የሚሠራው በእሱ ነው። የሚነሳው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው፤ ቺፗን ለቅጽበት ለመቀስቀስ ግን ይበቃል።

የነቃችው ቺፕ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥሯን። እሱን የምትናገርበት መንገድ ከዘዴው ሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው ክፍል ነው። የራሷን ሞገድ አታመነጭም። በሽቦዋ ላይ ያለውን ጭነት በፍጥነት ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ከአንባቢው ጥቅል የሚሳበው ኃይል ጥቂት ከፍ ይላል፤ በቀነሰ ቁጥር ዝቅ ይላል። አንባቢው ያንን ከፍታና ዝቅታ እንደ 1 እና 0 ይቆጥራል፤ ሰከንድ ሳይሞላ ቁጥሩ በመስኮቱ ላይ ይወጣል። በሌላ የአሠራር ዓይነት ደግሞ ቺፗ ከአንባቢው የተቀበለችውን ኃይል በትንሽ ማጠራቀሚያ ትይዛለች፤ አንባቢው ለአፍታ ዝም ሲል በዚያችው ስንቅ መልሷን ትልካለች። ገበያ ላይ ያሉ ጥሩ የከብት አንባቢዎች ሁለቱንም ዓይነት ያነባሉ።

ከዚህ የሚለዩ፣ ከብዙ ሜትር ርቀት የሚነበቡ መለያዎችም አሉ። የመጋዘን ካርቶንና የልብስ መደብር ዕቃ ላይ የሚለጠፉት እነዚህ ናቸው። የሚሠሩት ከ860 እስከ 960 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል፣ በሞባይል ስልክ ሞገድ ሰፈር ነው። እዚህ አንባቢው እውነተኛ የራዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ መለያው ደግሞ የደረሰውን ያንጸባርቃል። በጉና ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ እረኛ በመስታወት ስባሪ የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ ማዶ ላለ ጓደኛው ምልክት ሲሰጥ የራሱ መብራት አያስፈልገውም፤ መስታወቱን አንዴ ወደ ማዶ አንዴ ወደ ታች ማዞር ይበቃዋል። መለያውም አንቴናውን አንዴ አንጸባራቂ፣ አንዴ ደብዛዛ እያደረገ ቁጥሩን ይልካል። በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠሩ መለያዎች ተራ እየተሰጣቸው ሊነበቡ ይችላሉ።

ታዲያ ከአሥር ሜትር የሚነበብ እያለ ለምን ከአንድ ክንድ የማይርቀው ለከብት ተመረጠ? መልሱ ውኃ ነው። የእንስሳ አካል አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ከፍተኛውን ሞገድ ይውጣል። የበግ ራስ በመለያውና በአንባቢው መካከል ከገባ ንባቡ ይቋረጣል። 134.2 ኪሎ ኸርዝ ግን ከመካከለኛው የራዲዮ ሞገድ እንኳ በእጅጉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሥጋን፣ ፀጉርን፣ ጭቃንና ዝናብን አልፎ ይሄዳል። ዋጋው በርቀት ይከፈላል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የመግነጢሳዊው መስክ ጥንካሬ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በእጅ የሚያዝ አንባቢ ወደ ጆሮው መጠጋት ያለበት ለዚህ ነው። የአንቴናው አቀማመጥም ቁም ነገር አለው። የመለያው ጥቅልና የአንባቢው ጥቅል ፊት ለፊት ሲተያዩ ንባቡ ጠንካራ ነው፤ አንዱ በጎን ሲዞር ይደክማል፣ ጨርሶም ሊጠፋ ይችላል። ብረት ደግሞ መስኩን ያዛባል። ከብት በአንድ በአንድ በሚያልፍበት መተላለፊያ ላይ አንቴና የሚተክል ሰው ቢያንስ በአንቴናው አካባቢ ከብረት ይልቅ እንጨት ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ባሕር ዛፍ ለሞላበት አገር ይህ ችግር አይሆንም።

ሞገድ መለያ ወደ ከብት የመጣው በረጅም መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የሶቪየት ልጆች ለሞስኮው የአሜሪካ አምባሳደር አቬረል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ዓርማ በስጦታ ሰጡ። በውስጡ ሌዮን ቴረሚን የፈጠረው፣ ባትሪም የኤሌክትሪክ መስመርም የሌለው የድምፅ መስሚያ ነበር። ከውጭ የራዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነቅቶ በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን መልሶ ያንጸባርቃል። እስከ 1952 አልተደረሰበትም። በመሃሉ፣ በ1948፣ ሃሪ ስቶክማን የተባለ መሐንዲስ በተንጸባረቀ ኃይል መልእክት መላላክ እንደሚቻል በጥናት ጽሑፍ አሳየ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ዘዴውን ለመለያነት አበቁት። ከቀደሙት ተጠቃሚዎች አንዱ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ነበር፤ መድኃኒት የወሰደችውን ላም ካልወሰደችው መለየት፣ ሁለት ጊዜ እንዳትወስድም መጠበቅ ፈልጎ ነው። ስለዚህ ላም በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይታ የገባች እንግዳ አይደለችም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለእንስሳት የሚሆነውን ቁጥርና ሞገድ ደነገገ። ቁጥሩ 15 አኃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገሩን ይነግራሉ፤ በዓለም አቀፉ የአገሮች መለያ የኢትዮጵያ ቁጥር 231 ነው። ስልክ የለመደ ሰው 251 ይጠብቅ ይሆናል፤ ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። ቀሪዎቹ 12 አኃዞች የእንስሳው የራሱ ናቸው፤ ለአንድ አገር ብቻ ወደ 275 ቢሊዮን የማይደጋገም ቁጥር ይተርፋል። የአገራችን የቀንድ ከብት 70 ሚሊዮን አካባቢ መሆኑን ላሰበ ቁጥሩ አያልቅበትም።

ይህ ለወገዳ ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሌብነትን ነው። እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ሞገድ መለያ የጠፋ ከብት ያለበትን ቦታ አይናገርም። ከሳተላይት ጋር አይገናኝም፣ ከአንቴናው አንድ ሜትር ከራቀ ድምፁ አይሰማም። ሌባም ጆሮውን ሊቆርጠው ይችላል። ለዚህ የታሰበ ሌላ ዓይነት አለ። ቺፗ በሸክላ መሰል እንክብል ውስጥ ትታሸግና ከብቱ እንዲውጠው ይደረጋል። ለቀንድ ከብት የሚሆነው ክብደቱ 70 ግራም ያህል ስለሆነ ከሆድ ዕቃው አይወጣም፤ እስኪታረድ እዚያው ይቆያል። ቦትስዋና ሥጋዋን ለአውሮፓ ገበያ ለማቅረብ ስትል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአገሯን ከብት በዚህ እንክብል መዝግባ ነበር፤ ኋላ ወደ ጆሮ መለያ ዞረች። አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የቀንድ ከብት ኤሌክትሮኒክ መለያ እንዲኖረው አስገድዳለች። ሁለቱንም ያነሳሳቸው ከሌባ ይልቅ ገበያና በሽታ ነው። የታመመ እንስሳ ሥጋ ሲገኝ ከየትኛው በረት እንደመጣ መልሶ መከተል የሚችል አገር ገዢውን አያጣም። ኢትዮጵያ ይህን በጉዳት ታውቀዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ውስጥ ሲነሳ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው የቁም እንስሳ ንግድ ባንድ ጊዜ ታግዷል።

ለዚህ አገር ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቅመው በእርባታ ሥራ ላይ ይመስላል። የጉና ዙሪያ ብርድ የለመደው የፋርጣ በግ መኖሪያ ነው። የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ከጎጃም የዋሸራ አውራ በጎችን አምጥቶ በፋርጣና በላይ ጋይንት ገበሬዎች ዘንድ ከፋርጣ እናት በጎች ጋር በማዳቀል ውጤቱን ገምግሟል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚቆመው በትውልድ መዝገብ ላይ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር፣ ጡት ሲጥል ስንት ሆነ፣ እናቱ ማን ናት፣ አባቱ የትኛው አውራ ነው? በጎቹ በየገበሬው ደጅ ተበትነዋል፤ መዝጋቢው በክረምት ጭቃ ውስጥ በእግሩ እየዞረ ጆሮ ላይ የተጻፈ ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ በጭቃ ይሸፈናል፤ 6 እና 8፣ 1 እና 7 ይምታታሉ። አንድ አኃዝ ስትሳሳት ግልገሉ የሌላ አባት ልጅ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ለመንደሩ አውራ እንዲሆን የሚመረጠው በግም አባቱ በስህተት የተጻፈለት ሊሆን ይችላል። አንባቢው ይህን ስህተት ያስቀራል፤ ዓይን የማያየውን ቁጥር ሽቦው ያነበዋል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በኢትዮጵያ የወተት ላሞችን እየመዘገበ የዘር ምርጫ ሲያካሂድ የነበረውም በዚሁ ሐሳብ፣ እያንዳንዷን ላም በማይደገም ቁጥር በመያዝ ነው።

የሞገድ መለያ ትልቁ ድክመት ከጆሮው ውጭ ያለው መዝገብ ነው። ቺፗ ቁጥሯን እንጂ የባለቤቱን ስም፣ የክትባቱን ቀን፣ የእናቷን ማንነት አልያዘችም። እነዚያን የያዘው ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ምርምር ማዕከል ውስጥ ያለ የመረጃ ቋት ነው። በግ ሲሸጥ የአዲሱ ባለቤት ስም ካልገባ፣ ሲታረድ ካልተሰረዘ፣ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ቋቱ በሌሉ በጎች ይሞላል። አንባቢ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ የሚመድብ አካል፣ መዝገቡን በየገበያው ቀን የሚያድስ ሰው ደመወዝ አብሮ ካልመደበ መሣሪያው ካቢኔ ውስጥ ይቀራል።

ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ግን ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይሆንም። መለያው መብራት አይጠይቅም፤ በእጅ የሚያዘው አንባቢ ባትሪ ሞልቶ ከወጣ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ንባቦችን ከነሰዓታቸው በራሱ ያስቀምጣል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ከተገናኘ መዝጋቢው የግልገሉን ክብደት እዚያው በረት ላይ ከቁጥሩ ጋር ያያይዘዋል። ከስማዳ ቆላ ወጥቶ ወገዳ ከተማ ሲደርስ፣ ስልኩ ኔትወርክ እንዳገኘ የቀኑ መዝገብ ሁሉ ወደ ቋቱ ይሄዳል።